ጨሞጋ ዳር የሚስሉት የጥርስ ሐኪም

ባለፈው ሳምንት የመጨረሻዋ ልጄ ጥርሷ ላይ ሽቦ አስገጥማ መጣች። ይስቁብኛል ብላ አፏን እንደገጠመች ዋለች። እኔ ደግሞ ሽቦውን ሳይ ዶክተር ይልማ ትዝ አሉኝና፣ ላባብላት የተቀመጥኩት ሴትዮ ራሴ ዓይኔን ስጠርግ ተገኘሁ።

ዶክተር ይልማ አዲስ አበባ ውስጥ የተወላገደ ጥርስ ሲያቃኑ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ወደ ትውልድ ከተማቸው ወደ ደብረ ማርቆስ ተመለሱ። ጎረቤታችን ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ታጣፊ ወንበራቸውንና የቀለም ሣጥናቸውን ይዘው ጨሞጋ ወንዝ ዳር ይወርዳሉ። ሰዉ "ያን ሁሉ ተምረው ዛፍ ሲያዩ ይውላሉ" እያለ ያማቸዋል። እሳቸው ግን ዛፉን ብቻ አይደለም፣ ወፉንም ሣሩንም፣ ክረምቱ ትቶት የሄደውን ጭቃ ሳይቀር ይወዱ ነበር። ከትምህርት ስመለስ ብሩሻቸውን አስቀምጠው እጃቸውን ኪሳቸው ይከታሉ፤ እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ የባቄላ እሸት እየፈለፈልኩ ሥዕላቸውን አያለሁ። የሚስሉት ቅጠል ሁሉ ነፋስ የሚያወዛውዘው ይመስላል።

"ነፋሱን እንዴት አድርገው ነው የሚያስገቡት?" ብላቸው ሳቅ ብለው ወሬ ቀየሩ።

ያን ጊዜ የመምህርነት ሠልጣኝ ነበርኩ። አንዱ የፊት ጥርሴ ሌላው ላይ ወጥቶ ስለነበር ሳወራ አፌን በነጠላዬ እሸፍናለሁ። በኅዳር ደግሞ ተማሪዎች ፊት ቆሜ ማስተማር ነበረብኝ፤ ካልሆነልኝ መምህርነቱ ቀረ ማለት ነው። አንድ ቀን እንደ ምንም ደፍሬ "ዶክተር፣ ይቺን ጥርሴን ያቃኑልኝ" አልኳቸው።

ፊታቸው ተለዋወጠ። "ሁለት ዓመት ይፈጃል። ደግሞ ምን ሆነሻል፣ ተይው" አሉና ወደ ሥዕላቸው ዞሩ። በጣም ከፋኝ። ለዛፍ እንጂ ለእኔ ጊዜ የላቸውም አልኩ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ደምበጫ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። እዚያ በጉጠት ጥርስ የሚነቅሉ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ጥርሱን ያመመው ሁሉ የሚሄደው እሳቸው ዘንድ ነው። እኔን ግን አንድም ቀን አሞኝ አያውቅም።

"ይኸ ደኅና ጥርስ ነው እኮ፣ ልጄ" አሉኝ።

"ይንቀሉልኝ" አልኩ። ነቀሉት።

ማርቆስ ስደርስ ደሙ አልቆመም። እናቴ ደንግጣ እየጎተተች ዶክተር ይልማ ቤት አስገባችኝ። አፌን ከፍተው አዩና ጥጥ አነሡ። ጥጡን ሊያስገቡ ሲሉ ግን እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሁለት ጊዜ ከጣታቸው ወደቀ። በመጨረሻ እናቴ ክንዳቸውን ደግፋ ያዘችላቸው። ለካ ያ ያደነቅኩት ነፋስ ይኸ ኖሯል።

"እጄን እንዳታዪብኝ ብዬ ነው ተይው ያልኩሽ" አሉ ደሙ ሲቆም። "አዲስ አበባ ያስተማርኳቸው ሐኪሞች አሉ። አንድ ደብዳቤ ብጽፍ ይሠሩልሽ ነበር። 'እርስዎስ ለምን አልሠሩላትም?' እንዳይሉኝ ፈራሁ።" እንባቸው ወረደ።

ኅዳር ደረሰ። ተማሪዎቹ ፊት ቆሜ ገና መናገር ስጀምር በክፍተቱ ፉጨት ወጣ፤ ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እጄ ወደ አፌ ሲሄድ፣ አስፈቅደው ኋላ የተቀመጡትን ዶክተር ይልማን አየሁ። ሁልጊዜ ኪሳቸው የሚከቱትን ሁለት እጆች ዴስኩ ላይ ዘርግተዋል። ይንቀጠቀጣሉ። ልጆቹ ዞረው አፈጠጡባቸው፤ እሳቸው ግን እጃቸውን አልሰበሰቡም። እጄን አወረድኩና ትምህርቱን ቀጠልኩ።

ዶክተር ይልማ ካረፉ ቆይተዋል፤ እኔም ይኸው በመምህርነት ሸበትኩ። ያ ደኅና ጥርስ የሄደው እሳቸው እጃቸውን፣ እኔ አፌን ስንደብቅ ነው። ለልጄም ይህንኑ አወራኋት። የጥርሱ ነገር ግን ድሮ ወጥቶልኛል። የሚቆጨኝ ያን ቀን ከክፍል ስንወጣ ያን እጅ ይዤ አለመሳሜ ነው። ሰው ያየኛል ብዬ አፈርኩ።