ኳሪ በሚሉት ጉድጓድ አፋፍ

ከመንዝ የወጣሁት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ የእናቴን ቀሚስ ለብሼ ነው። ወንድ ልጅ በቀሚስ! ምን ላድርግ? ታላቅ ወንድሜ በወሰን ጠብ ሰው ገድሎ ጠፋ፤ የሟች ወንድም ተድላም «እሱ ቢታጣ ታናሹ አለ» ብሎ ዝቶብኛል።

ቡታጅራ ስደርስ ለመንገድ ሥራ ድንጋይ ጠራቢ ይፈለግ ነበር። መንዜ ከድንጋይ ጋር ነው የሚያድገው፣ ወዲያው ተቀጠርኩ። ወገኖቼ፣ እዚህ እንደኛ አገር ብርዱ አጥንት አይሰብርም። ምግቡ ግን ቆጮ ነው። ቤት ያከራዩኝ እማማ ዘሃራ ሳኝክ አይተው፣ «ያ ረቢ! ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ስትፈልጥ ውለህ ቆጮ ያቅትሃል?» አሉኝ።

የሥራ ቦታችንን እንግሊዛዊው መሐንዲስ «ኳሪ» ይለዋል። ምን ማለት እንደሆነ በአስተርጓሚው አስጠየቅሁት። ሰውዬው ወሬ ይወዳል። ድንጋይ የሚወጣበት ጉድጓድ ነው አለ፤ ምንጩ ላቲን፣ ድንጋይ አራት ማዕዘን ሆኖ የሚጠረብበት ቦታ ለማለት። ይኼ የኔው ሥራ ነው ብዬ ደስ አለኝ። «ሌላም ኳሪ አለ» ብሎ ቀጠለ፤ አዳኝ የሚያሳድደው አውሬ። ይኼኛው ዘሩ ሌላ ነው፣ ቆዳ ከሚለው የፈረንሳይ ቃል ጋር ይነካካል፤ ድሮ የታደነው አውሬ ሆድ ዕቃ በገዛ ቆዳው ላይ ተዘርግቶ ለውሾቹ ይሰጥ ነበርና። በስመ አብ! የሚታደነው እኔው አይደለሁ?

«ምነው ገረጣህ?» አለኝ አስተርጓሚው።

«ፀሐዩ ነው» አልኩት።

አንድ ጠዋት ጥርብ ድንጋይ ማጅራቴ ላይ አድርጌ፣ አጎንብሼ ከጉድጓዱ ስወጣ ተድላ ጠመንጃውን ይዞ አፋፉ ላይ ቆሟል። መሸሻ አጥቼ ድንጋዩን እንደተሸከምኩ ተንበረከክሁ። መቼም ታውቃላችሁ፣ በእኛ አገር ድንጋይ ተሸክሞ የመጣን በዳይ አልምርም ማለት ነውር ነው። ተድላ የጠመንጃውን አፈሙዝ ዝቅ አደረገ።

«አውርደው» አለኝ። «ስለ ፈጣሪ ብዬ ምሬሃለሁ።»

ተላቀስን። ከኋላዬ ግን ጓደኞቼ ድንጋያቸውን ተሸክመው ተራ በተራ ብቅ ብቅ አሉ። ተድላ ግራ ገባው።

«እነዚህስ ማንን በድለው ነው?»

መዋሸት አቃተኝ። «ሥራቸው ነው፣ ጋሼ። የኔም ሥራዬ ነው።»

ተሸካሚዎቹን አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንግቶ፣ «ምሬሃለሁ ብያለሁ፤ ከአፌ የወጣ አይመለስም» አለ።

እፎይ! ከመንዝ ከወጣሁ ወዲህ ያልተነፈስኩትን ተነፈስኩ።

«ለእናትህ ምን ልበልልህ?» አለኝ ሊሄድ ሲነሳ።

«ልጅሽ በሕይወት አለ ይበሉልኝ» አልኩት። ብቻ እናቴን ደጃፏ ቆሞ የምሥራች የሚላት ተድላ ይሆናል ብሎ ማን ያስብ ነበር!