ግማሽ ኪሎ በእማማ ዘሀራ እጅ

የዘመቻ ተማሪ ሆኜ መካነ ሰላም በደረስኩበት ዓመት፣ በስኒ እየተሰፈረ ይሸጥ የነበረው ስኳር በግማሽ ኪሎ ታሽጎ መጣ። ኪሎን ለገበያተኛው የማስረዳቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። ረሃቡ ካለፈ ብዙ ስላልቆየ፣ የጎደለ መስፈሪያ ሰውን ከምንም በላይ ያስቆጣው ነበር።

ለማስረዳት ገበያው ላይ ከሰበሰብኩት ሰው ከፊት የተቀመጡት እማማ ዘሀራ ዕድሜ ልካቸውን ስኳር በስኒ የቸረቸሩ ሴት ናቸው።

«ኪሎ ስንት ነው፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ሺህ ግራም ነው፣ እማማ።»

«ግራሙስ?»

«የኪሎ አንድ ሺህኛ።»

«ያ ረቢ! ዞረህ ዞረህ እዚያው ገባህ እኮ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም እልህ ይዞኝ አንዱን እሽግ አንስቼ ሰጠኋቸው። እንደ ሕፃን ከፍ ዝቅ አደረጉትና፣ «ይሄስ ይጎድላል» አሉ። «በዚያ በክፉ ቀን የእርዳታ ስንዴ ያከፋፈልኩበት እጅ ነው፤ አይዋሽም።»

ወዲያው ስኳሩ ከሚሸጥበት ሱቅ ሚዛን አስመጣሁ። በአንዱ ሳህን እሽጉን፣ በሌላው የግማሽ ኪሎውን ብረት አስቀመጥኩ። ልክ ሆነ! ደረቴን ነፍቼ ወደ ሕዝቡ ዞርኩ።

«እስቲ አቀያይራቸው» አሉ እማማ ዘሀራ በቀስታ።

ብረቱን በእሽጉ ቦታ፣ እሽጉን በብረቱ ቦታ አደረግሁ። ብረቱ ወደ ታች ወረደ፤ እሽጉ ሽቅብ ተሰቀለ። ለካ ሚዛኑም ጠማማ ነበር!

እዚያው የሚዛን ተቆጣጣሪ ኮሚቴ ተመረጠ፤ ሰብሳቢዋ እማማ ዘሀራ ሆኑ። እኔ ደግሞ፣ «መጻፍስ አያቅተውም» ተብዬ፣ ጸሐፊ።