የመጀመሪያ ደመወዜ በሰንበቴው ፊት

በደርግ ዘመን ከኮሌጅ የወጣ ሰው ሥራ አይፈልግም፤ ይመደባል። እኔም ሁለት ዓመት የኮምፒዩተር ሥራ ተምሬ፣ ዲፕሎማዬን ይዤ አዲስ አበባ ተመደብኩ። አብረውኝ ቤት የተከራዩት ሁለት ሴት ልጆች ከሌላ ከሌላ ትምህርት ቤት የወጡ ነበሩ። የመጀመሪያው ደመወዝ የወጣ ዕለት አልጋ ላይ ቁጭ ብለን ደመወዛችንን አነጻጸርን። ከዩኒቨርሲቲ በዲግሪ የወጣችው አምስት መቶ ብር፣ እኔ ሦስት መቶ አርባ ሰባት፣ የአንድ ዓመት ሥልጠና የወሰደችው ደግሞ ከእኔም በታች። ባለ ዲግሪዋ ኮራች። እኔ ግን ከእሷም ይበልጥ ኮራሁ። እሷ የዳኛ ልጅ ናት፤ እኔ ከትንሿ ከተማ ከአንበሳሜ ማዶ ከሚኖር ገበሬ ነው የተወለድኩት።

አባቴ ኮሌጅ ሲልኩኝ አንድ ጎረቤታችን «ሴት አስተምረህ ለባዳ ቤት ልትሰጣት?» እያለ ሰንበቴ በተቀመጡ ቁጥር ይስቅባቸው ነበር። የእሱ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ደብረ ታቦር መንግሥት መሥሪያ ቤት ገብቷል። ያ ሰው ደመወዜን በጆሮው እንዲሰማልኝ ፈለግሁ። ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

ፈቃድ እንዳገኘሁ ለአባቴ ጋቢ፣ ለእናቴ ነጠላ ገዝቼ አገሬ ገባሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ተሰበሰበ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ጠላ እቀዳለሁ። ጎረቤታችን ጉሮሮውን ጠረገ።

«የእኔው አምስት መቶ ብር ይበላል። ያንተይቱስ?»

ሰው ሁሉ ወደ አባቴ ዞረ። አንገቴን ቀና አደረግሁ።

«እኔ ምን አውቄ» አሉ አባቴ። «ለሳሙናዋ ያህል ሳይሰጧት አይቀሩም።»

«አላልኩህም!» አለና ሳቀ። ሌሎቹም ተከተሉት። ደሜ ፈላ። አፌን ስከፍት እናቴ ቆንጥጣ አስቀረችኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ከሴቶቹ ጋር ቀደም አለች። እኔና አባቴ ብቻችንን ስንቀር አልቻልኩም።

«አባባ፣ ስለምን አዋረዱኝ? ስንት ነው ብለውስ ጠይቀውኝ ያውቃሉ?»

ቆሙና ዱላቸውን ተደገፉ። «ለመሆኑ የቤታችን ከብት ስንት ነው?»

ልመልስ አልኩና አቃተኝ። እዚያ ቤት ተወልጄ አድጌያለሁ፤ ሥራዬም ቁጥር ነው። ግን ከብቶቻችን ሲቆጠሩ አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሲጠይቃቸው እንኳ «አሉ ጥቂት» ነበር የሚሉት።

«የሚሳሱለት ነገር ሰው ፊት አይቆጠርም፣ ልጄ። ዓይን አለ። ያ ጅል ልጁን እንደ ገበያ በግ ዋጋ ሲጠራበት ዋለ።»

አፈርኩ። ወዲያው ደግሞ ልቤ ቅቤ ጠጣ። አባቴ ግራ ቀኙን አዩ፤ ከእኛ በቀር ሰው የለም። ጋቢያቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አድርገው ጎንበስ አሉልኝ።

«እስቲ አሁን ቀስ ብለሽ ንገሪኝ።»

ነገርኳቸው።

«ድገሚው።»

ደገምኩት። መንገዳችንን ቀጠልን። ትንሽ እንደሄድን ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ዳዊት የሚደግሙ መስሎኝ ጠጋ አልኩ። ሦስት መቶ አርባ ሰባት ነበር የሚሉት።