«ፍላጎት የላቸውም» የሚለው ሳጥን

አዲስ አበባ ያለው ዋናው ቢሯችን ገበሬ ከቀጠሮ የሚቀርበትን ምክንያት በሦስት ሳጥን ጨርሶታል። «ፍላጎት የላቸውም»፣ «መንገድ ተበላሽቷል»፣ «ዝናብ ነው»። አራተኛ የለም። ደብረ ታቦር ቅርንጫፍ ተቀምጬ የፕሮጀክት ሶፍትዌሩን የምሞላው እኔ ስለሆንኩ፣ ገበሬው ባልመጣ ቁጥር ከሦስቱ አንዱን መጫን የኔ ሥራ ነበር፤ የመጀመሪያው ሲጫን ቀበሌው ቀይ ይቀባል። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል። ሰው በሦስት ሳጥን ያልቃል?

ነገሩ የዘር ድንች ቤት ነው። ከገሳይ ከተማ በእግር ቢኬድ አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ቀበሌ አለ። ድንቹ እንደ ጉድ ይበቅላል፤ ችግሩ ማቆያው ነው። የተቆፈረው ዘር አልጋ ሥር ተከምሮ ይከርምና ለመትከያው ሳይደርስ ግማሹ ይበሰብሳል። ድርጅታችን ብርሃንና ነፋስ የሚያስገባ የእንጨት ቤት ሊያቆምላቸው ተስማማ። ቆርቆሮና አናጢ ከኛ፣ ድንጋይ፣ እንጨትና ጉልበት ከነሱ። አንድ ደንብ ግን ነበር፦ በተቀጠሩበት ቀን ሦስት ጊዜ ካልተገኙ ቤቱ ለሌላ ወረዳ ይሰጣል።

ሁለቴ ቀሩ። አንዱ ቀን ሚካኤል ነበር፣ አንዱ ባለ ወልድ። አገሩን ለሚያውቅ ይሄ ምኑ ይገርማል? በበዓል መሬት አይቆፈርም፣ ድንጋይ አይፈለጥም። በማግስቱ በረዶ ወርዶ የመንደሩን እህል ቢያጠፋው፣ በማን ጦስ ነው ሊባል ነው? አዲስ አበባ ላለው አለቃዬ ደውዬ ይህንኑ ነገርኩት። በዕድሜ ታናሼ ነው፤ ክፉ ሰውም አይደለም። ግን መልሱ ሁሌ አንድ ነው።

«እህቴ፣ ሲስተሙ ላይ ካለው ምረጪ።»

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው! ቀን መቁጠር ያቃተው ቢሮው፣ ቀይ የሚቀባው ገበሬው። እልህ ያዘኝ።

የገበሬዎቹ ቡድን ሰብሳቢ አንዲት አሮጊት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ጎጇቸውን ብቻቸውን ያቆሙ፣ ወሬ የማያበዙ ሴት ናቸው። ሄጄ «እማማ፣ እዚህ አጥቢያ የምታከብሯቸውን ቀናት ይንገሩኝ» አልኳቸው። ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩልኝ፤ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔ ዓለም፣ ባለ ወልድ።

«ደግሞ ምን ልታደርጊው ነው?»

«አዲስ አበባን ላስተምርበት።»

«ይቅናሽ» አሉና ሳቁብኝ።

እኔ ፕሮግራም መጻፍ አልችልም። ኮድ ሳይጻፍ ሁለት ሶፍትዌሮችን የሚያገናኝ መሣሪያ ኢንተርኔት ላይ እንዳለ ግን ሰምቼ ነበር። «ይህ ሲሆን ያንን አድርግ» ብሎ ማዘዝ ብቻ ነው። ኔትወርክ ሲመጣ ቪዲዮ እያየሁ፣ ሲጠፋ እየተራገምኩ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። በዓላቱን ኦንላይን ካላንደር ላይ መዘገብኩ። የመስክ ሥራ በበዓል ቀን ከተቀጠረ፣ ሶፍትዌሩ ራሱ ወደሚቀጥለው ነፃ ቀን እንዲያሻግረው አዘዝኩ። የኛንና የፈረንጁን ሰዓት የስድስት ልዩነት እንኳ አልረሳሁም። ካላንደሩ የፈረንጅ ስለሆነ «በየወሩ ድገም» ብለው እንደሚስት አውቄ፣ የኛ ወር ሠላሳ ቀን ነውና «በየሠላሳ ቀኑ ድገም» አልኩት። በዚህች ብልሃቴ መኩራቴን አትጠይቁኝ!

አንድ ነገር ጨመርኩ፤ ዕዳው በኋላ መጣ። ያችን ቀይ ሳጥን በእጄ መጫን ስለሰለቸኝ፣ እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት ድረስ የተገኙ ሰዎች ካልተመዘገቡ ሲስተሙ ራሱ እንዲሞላው አደረግሁ። የሚሞላው ደግሞ ከዝርዝሩ የመጀመሪያውን ነው።

ግንቦት ላይ ለማርያም የተያዘ ሥራ ዓይኔ እያየ ወደ ማግስቱ ተሻገረ። ብቻዬን ቢሮ ውስጥ አጨበጨብኩ። ሰዎቹም በተሻገረው ቀን ግልብጥ ብለው ወጡ። እስከ ሰኔ ድንጋዩ ተከመረ፣ መስከረም ላይ መሠረቱ ተጣለ፣ ከዚያ ቋሚው ቆመ። ግድግዳውን ጨርሶ ጣራ መምታት ብቻ ቀረ። አለቃዬ በስብሰባ ላይ አመሰገነኝ። እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ መሄድ ጀመርኩ።

የጣራው ቀን ጥቅምት ላይ ደረሰ። ድንቹ ተቆፍሯል፣ ቤቱን ይጠብቃል። ቆርቆሮውን መኪና ላይ ጭነን፣ አናጢውን አሳፍረን ከደብረ ታቦር በጠዋት ወጣን። ከተማውን ሳንለቅ የቅዳሴው ድምፅ ይሰማል። ሾፌሩ መሪውን እንደያዘ «ዛሬ ማርያም አይደለችም እንዴ?» አለኝ።

ስልኬን አየሁ። «ሲስተሙ ነፃ ቀን ነው ይላል» አልኩት።

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። በጆሮዬ እየሰማሁ፣ ስልኬን አምኜ። አዲስ አበባ ያለው አለቃዬስ ቅዳሴው የሚሰማበት ቦታ አልነበረም።

ስንደርስ ሰው የለም። የቆመው እንጨት ብቻውን ይጠብቀናል። ቆይተው እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ከቤተ ክርስቲያን መጡ። ቆርቆሮውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«በማርያም ምን አመጣሽ?»

ካላንደሩን ከፍቼ አሳየኋቸው። «እማማ፣ ማርያም እኮ በአሥራ ስድስት አለፈች…» ብዬ ጀመርኩ።

«አሥራ ስድስት ኪዳነ ምሕረት ናት» አሉ። ደግመው ስልኬን፣ ደግመው እኔን አዩ። «አምስት ቀን ጎደለሽ። ጳጉሜንን የት ጣልሻት?»

ወይ ጉድ! በየሠላሳ ቀኑ፣ በየሠላሳ ቀኑ እያለ፣ ጳጉሜንን እንደ ተራ ቀን ቆጥሮ አልፏት፣ ከዘመን መለወጫ ወዲህ ሁሉም በዓል አምስት ቀን ቀድሞ ኖሯል። ማርያም ኪዳነ ምሕረት ላይ፣ ሚካኤል ሥላሴ ላይ ስለወደቁ፣ በበዓል ላይ በዓል ተደርቦ አልነቃሁም፤ የመስከረሙም ሥራ ዕድል ሆኖ በዓል ላይ አልወደቀም። ፈረንጅ ቢረሳት ይሁን። እዚሁ አገር ተወልጄ፣ በየዓመቱ በጳጉሜን ጠበል ተጠምቄ፣ እኔ ልርሳት? የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች። አፈርኩ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

በዚህ መሃል ስልኬ ነዘረኝ። አራት ሰዓት ሞልቷል። በገዛ እጄ የሠራሁት ትእዛዝ በሰዓቱ ደርሶ ቀበሌዋን ቀይ ቀባት፤ «ፍላጎት የላቸውም»። ሦስተኛ።

አለቃዬ ለመደወል አልዘገየም።

«ሦስተኛ ነው እህቴ። ቆርቆሮውን ይዛችሁ ተመለሱ።»

«አልመለስም።»

«ምን ማለት ነው?»

«ቀኑን የሳትኩት እኔ ነኝ። ጳጉሜንን ረስቼ ነው። እነሱ ቀጠሮ አላፈረሱም።»

«እሺ፣ ገባኝ። ግን ይህን የምንመዘግብበት ሳጥን የለንም» አለኝ።

«እንግዲያው እሠራዋለሁ። እንዴት እንደሚጨመር ያን ሁለት ሳምንት አይቻለሁ።»

«አስቢበት። ሁሉም ቅርንጫፍ ያየዋል፤ ግምገማሽም ላይ ይጻፋል።»

«ይጻፍ! በደማቁ ይጻፍ!»

ስልኩን ዘጋሁት። አልዋሽም፣ ፈርቼ ነበር። ልጆች አሉኝ፣ ሥራውም ያስፈልገኛል። ግን እማማ አጠገቤ ቆመው፣ በስንት ልመና ያሰባሰቡት እንጨት ከጎናቸው ቆሞ፣ «ፍላጎት የላቸውም» የሚለውን በምን ዓይኔ ልየው? ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሶፍትዌሩን ከፈትኩና አራተኛ ሳጥን ሠራሁ። «ቀኑን የሳትነው እኛ ነን» ብዬ ጻፍኩበት። ሦስተኛውን መቅረት ወደዚያ አዛወርኩ። ከዚያም የሚካኤሉንና የባለ ወልዱን። የቀበሌዋ የመቅረት ቁጥር ዜሮ ሆነ።

ለአለቃዬ አንድ መልእክት ላክሁ፦ «ሲስተሙ ላይ ካለው ምረጪ ብለኸኝ የለ? መረጥኩ።»

ቆርቆሮውን መልሱ የሚል ትእዛዝ ዳግመኛ አልመጣም። ግምገማዬ ላይ ግን ተጽፏል፤ እስከ ዛሬ አለ። ጳጉሜንንም ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በእጄ አስገባታለሁ።

እማማ ነገሩ ሁሉ ባይገባቸውም የተጣላሁላቸው መሆኑ ገብቷቸዋል። «ነገ ነይ» አሉኝ። «ለሰው ሁሉ እነግራለሁ።»

ገሳይ አድረን በማግስቱ ስንመለስ ሰዉ ቀድሞን ወጥቷል። ወንዱ ማገር ያቀብላል፣ ሴቱ ድንጋይ ያመላልሳል፤ እንኳን የቀረ፣ ከጎረቤት ቀበሌ የመጣ ሁሉ ነበር። አናጢው ጣራ ላይ ወጣ። እኔ ከሥር ቆሜ ሚስማር አቀባይ ሆንኩ።

ረፋድ ላይ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። አውጥቼ ሳየው ሳቄ አመለጠኝ።

«ደግሞ ምን አለ?» አሉኝ እማማ።

«ዛሬ መድኃኔ ዓለም ነው፣ ሥራ የለም ይላል።»

«እሱ ያክብር» አሉኝ። «አንቺ ሚስማሩን አቀብዪ።»