ስፖንጅ የበላው ዝላይ

እኔ የመኪና ወንበር ልብስ ሰፊ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው መኪና ውስጥ ተንበርክኬ፣ ክር በጥርሴ እየበጠስኩ ኖሬአለሁ። ከመኪና ሁሉ አጥርቼ የማውቀው መቀመጫውን ነው። ሞተሩ ለእኔ የጎረቤት ጓዳ ማለት ነው፤ ድምፁን እሰማለሁ እንጂ ገብቼ አላውቅም። እንግዲህ ይህን የሚያህል እውቀት ይዤ ነው የዳገት ውድድር የገባሁት።

ውድድሩ የፍጥነት አይደለም። ድንጋይና ጭቃ በሞላበት ኮረብታ ላይ ከአንድ እስከ አስር ቁጥር የተጻፈባቸው እንጨቶች ይተከላሉ፤ ወደ ላይ ስትወጣ መጨረሻ ያለፍከው እንጨት ነጥብህ ነው። ሁላችንም ሌላ እንጀራ ያለን፣ ለሆዳችን ሳይሆን ለልባችን የምንነዳ ነን፤ አንዱ ዳቦ ጋጋሪ፣ አንዷ የጥርስ ሐኪም፣ ዳኛው ደግሞ ጡረታ የወጡ የስፖርት አስተማሪ። እኔ አራት ዓመት ስወዳደር ሁልጊዜ የምቀረው አራተኛው እንጨት ጋ ነው። ዳቦ ጋጋሪው ባገኘኝ ቁጥር «ወንድሜ፣ እዚያው ጎጆ ብትቀልስ ምን አለ?» ይለኛል።

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ እየነዳሁ የማንጎራጉረው የፍቅር ዜማ ነው። ሌላው ሰው ዳገት ሲያይ ዳገት ይታየዋል፤ እኔ ወደ ወዳጅ ቤት የሚያወጣ መንገድ ይታየኛል። ጎማው ሲንሸራተት ነዳጅ መቀነስ ሲገባኝ፣ ግጥሜ ቤት መታልኝ አልመታልኝ እያልኩ እጨነቃለሁ።

የምወዳደርበት ጂፔ ግቢያችንን ከዳር እስከ ዳር ይዞት ቆሟል። ዘንድሮ ባለቤቴ ቁርጡን ነገረችኝ።

«ስማ፣ አምስተኛውን እንጨት ካለፍክ ይኑር። ካላለፍክ ይሸጥና ግቢዬ ይመለስልኝ።»

«ከጎኔ ይቀመጥ የነበረው ወንድምሽ ወገቤን ብሎ ቀርቷል። ማን አብሮኝ ይቀመጣል?»

«እኔ ነኛ! ማንን አምኜ ልልክህ?»

ከሹፌሩ ጎን የሚቀመጥ ሰው ሥራው መዝለል ነው። ጎማው በባዶ ሲሽከረከር እሱ ወንበሩ ላይ ብድግ ቁጭ ይላል፤ ያ ክብደት ወርዶ ጎማውን መሬት ያስነክሰዋል። እኔ ደግሞ የልጆቼ እናት በዚያ ሁሉ ድንጋይ ላይ ስትንገጫገጭ ታየኝ። አንድ ሳምንት ሱቄን ዘግቼ የእሷን ወንበር ሠራሁ፤ ሦስት ድርብ ስፖንጅ፣ ከላይ ለስላሳ ቆዳ፣ ጠርዙ ላይ በነጭ ክር የተጠለፈ አበባ። እንዲህ ያለ ወንበር ለማንም ሰፍቼ አላውቅም።

ሙከራው ሁለት ጊዜ ነው። በመጀመሪያው አራተኛውን እንጨት እንዳለፍን ጎማው ጭቃ ይረጭ ጀመር።

«ዝለይ!» አልኳት።

«እየዘለልኩ ነው እኮ!»

እውነቷን ነበር። ራሷ ጣሪያውን እስኪነካ ትነሳለች፣ ከዚያ ደመና ላይ እንደ ወደቀ ሰው ቀስ ብላ ትሰምጣለች። ጂፑ ግን ንቅንቅ አላለም። እኔ ምስኪኑ በዚህች ሰዓት ዜማው መጣብኝ፦

ዳገቱ ቢከብድ፣ ጭቃው ቢያዳልጠኝ፣
ካንቺ ፍቅር በቀር ከቶ ማን ያስመልጠኝ።

«ፍቅሬን ተወውና ነዳጁን ቀንስ!» ብላ ጮኸችብኝ። ሞተሩ ጠፋ። ዳኛው «አራት!» አሉ። ዳቦ ጋጋሪው ሆዱን ይዞ ቁጢጥ አለ።

እሷ አልሳቀችም። ወደ መነሻው እንደተመለስን ወርዳ ወንበሩን በመዳፏ ተጫነችው። እጇ እስከ አንጓዋ ገባ።

«ና እስቲ አንተ ሰውዬ። እኔ የዘለልኩት ሁሉ የት ሄደ?»

ስፖንጁ በልቶታል። እንዳይጎረብጣት ብዬ ከመኪናው ጋር አቆራርጫታለሁ።

«ቢላህን አምጣ።»

«አበባውስ?»

«አበባውን ቤት ወስደህ ውሃ አጠጣው!»

የስንቱን ሰው ስፌት ያለ ርኅራኄ ፈትቻለሁ፤ የራሴን ስቀድ ግን አፍንጫዬን በእጅጌዬ እየጠረግኩ ነበር። የጥርስ ሐኪሟ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ «አይዞህ፣ ትንሽ ነው የሚያምህ» አለችኝ።

ለሁለተኛው ሙከራ ባለቤቴ አንድ የታጠፈ ጆንያ ብቻ አንጥፋ ብረቱ ላይ ተቀመጠች። ከአራተኛው እንጨት አለፍ እንዳልን ጎማው በባዶ ዞረ።

«ግጥም እንዳትጀምር!» አለችና ዘለለች።

ጓ! ብረቱ ጮኸ፤ ጎማው ድንጋዩን ነከሰ፤ ጂፑ አንድ ክንድ ተራመደ። ጓ! ሌላ ክንድ። እግሬም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሰምቶ ነዳጁን ላላ አደረገ። አምስተኛው እንጨት በመስኮቴ በኩል ሲያልፍ ዓይኔን አላመንኩም። ስድስተኛውም አለፈ። ከዚያ አንድ ቋጥኝ አፍንጫችንን ወደ ሰማይ ሰቀለውና ቆምን።

«ስድስት!» አሉ ዳኛው ከታች።

ዞር ብዬ አየኋት። ሻሿ ወልቋል፤ ወገቧን በሁለት እጇ ይዛለች።

«አንቺ፣» አልኳት፣ «ዝም ብለሽ ብትቀመጪ ኖሮ እኮ ግቢሽን ታገኚ ነበር።»

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች።

«ወይኔ ጉዴ! ረስቼው!»

ስንት የፍቅር ዜማ በቃሌ ይዣለሁ፤ እንዲህ የሚል ግን ሰምቼ አላውቅም። እሷኑ እያየሁ ቀረሁ።

«ምን ታፈጥብኛለህ?» አለች። «ከዚህ እንዴት ነው የምንወርደው?»

እሱን አላሰብኩበትም ነበር። እዚህ ድረስ ወጥቼ አላውቅማ።