በገበያ ቀን የጨሰ ግዛዋ

ጭስ ጋኔን ያባርራል ይባላል። አያባርርም። አዋቂ ነኝ ባዩም፣ አሁን አሁን ደግሞ በነጭ ፎጣ ጠቅልለው አስተኝተው ዕጣን የሚያሸቱን የከተማ ባለ ሳሎኖችም በየቋንቋቸው ይህንኑ ይነግሩናል፤ አንዳቸውም ልክ አይደሉም። እኔ በልጅነቴ መካነ ሰላም ላይ ያየሁት ጭስ ጋኔን በሌለበት ቤት ጋኔን የጠራ፣ ያስቀመጠና ቃሉን ተቀብሎ በክብር የሸኘ ጭስ ነው። ያንን ጋኔን ባይጠራልን ኖሮ እህቴን ዳግመኛ የማላያት ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ የእህቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት በስጦታ ያመጣችልኝ ትንሽ ካርቶን ነው። ላዩ ላይ የአበባ ሥዕልና «መንፈስን የሚያድስ የተፈጥሮ ዕጣን» የሚል ጽሑፍ አለው፤ ውስጡ በስስ ወረቀት የተጠቀለለ ሥር፣ ጥቂት የደረቀ ጤና አዳምና የአጠቃቀም መመሪያ። መመሪያው መስኮት መክፈት፣ ዓይን መጨፈንና ስለ መልካም ነገር ማሰብ ያዝዛል። አንድ ሁለት ፍም አሮጌ ጣሳ ውስጥ አድርጌ ሥሩን ጣል አደረግሁበት፤ ገና አፍንጫዬ ሳይለየው ጉሮሮዬ አወቀው። ግዛዋ ነበር፤ ያ መራራ፣ ላብ የጠጣ የበቅሎ ኮርቻ የሚሸተው ሥር። ስለ መልካም ነገር ማሰብ አልቻልኩም። ያሰብኩት ስለ እማማ ሐዋ ነው፤ እማማ ሐዋ ደግሞ መልካም ነገር ተብለው ቢጠሩ የሚቀየሙ ሴት ነበሩ።

ቤታቸው ከእኛ ቤት የሚለየው በአንድ ረድፍ ቁልቋል ብቻ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲራመዱ አንገታቸው ቀድሟቸው የሚሄድ ሴት ናቸው፤ ከጣሪያቸው ወራጅ ላይ ጥንጁቱ፣ ዳማከሴው፣ የወይራ ቅርንጫፉ በየእስሩ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ስለነበር ቤታቸው የገባ ረጅም ሰው ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ይሰጣል፤ እሳቸውም አክብሮት አድርገው ይወስዱለታል። ሕፃን የደነገጠባት፣ ባሏ የሞተባት፣ አዲስ ቤት የገባች፣ ከሰው ዓይን የሸሸች፣ ከወግዲም ከከላላም በበቅሎ የመጣች ሁሉ እሳቸው ዘንድ ትታጠናለች። ለእስላሙ ቢስሚላህ፣ ለክርስቲያኑ በስመ አብ ብለው ይጀምራሉ፤ ሰውየው ማን እንደሆነ ግራ ሲገባቸው ሁለቱንም ይሉና «አንዱ ይደርሰዋል» ብለው ያራግባሉ።

ሥራቸው ሕግ ነበረው። ታጣኙ ፍም በተሞላ ገል ፊት ይቀመጥና ከራሱ እስከ እግሩ ቡሉኮ ይለብሳል። ጎረቤት ሁሉ ከየጓሮው አንድ ጭብጥ ቅጠል ያመጣል፤ ባዶ እጁን የመጣ የመስማት መብት የለውም። የታጣኙ ወላጆች ደጃፍ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጣሉ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን የመጨረሻው ነው፤ ቡሉኮው ሥር የተነገረ ነገር የታጣኙ ቃል ተብሎ አይቆጠርም፣ ከታጣኙ የሚወጣው የጋኔኑ ቃል ነው፣ በኋላም በቁጣ ሆነ በቀልድ ማንም አይጠይቅበትም። አንዲት የሰፈራችን ምራት ቡሉኮው ውስጥ ሆና አማቷን እስከ ሰባት ቤት አያቶቿ ስትዘረጥጥ አርፍዳ ስትወጣ፣ ፊቷን የምትታጠብበትን ውኃ ያፈሰሰችላት ያችው አማቷ ነበረች። «ክፉ ነገር ነው የያዘሽ ልጄ፣ እንዴት ያለ አፍ አለው» አለቻት። ከዚያ ወዲያ በመካከላቸው ሰላም ሆነ፤ አማቲቱም ምራቷ ሲደክማት ታስታምማት ነበር እንጂ እንጨት አትልካትም ነበር።

እኔ በዚያን ጊዜ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ፣ ዘመኑም የክበብ ዘመን ነበር። ለዛፍ ክበብ፣ ለመጸዳጃ ክበብ፣ ለሁሉም ነገር ክበብ። እኔ የጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች አስወጋጅ ክበብ አባልና የሚኒ ሚዲያው አንባቢ ነበርኩ፤ በሁለቱ ሹመቶች መካከል መሬት የምረግጠው ከስንት አንዴ ነው። መምህራችን ከየሰፈራችን አንድ ጎጂ ድርጊት አጣርተን እንድናመጣ ሲያዙን ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። በማግስቱ ባንዲራ እንደተሰቀለ፣ ተማሪው ሁሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ የእማማ ሐዋን ስም ከነቀበሌያቸው በድምፅ ማጉያ አነበብኩት። ተጨበጨበልኝ። በሦስተኛው ቀን ቀበሌ አስጠራቸውና ሁለተኛ ሰው ላያጥኑ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙ። ሲመለሱ እናቴን በቁልቋሉ በላይ አዩዋትና «ልጅሽ ድምፅዋ ያምራል» አሉ። «እስከ ቀበሌ ይሰማል።»

እህቴ ብርቄ የመጣችው ከዚህ በኋላ ወር ሳይሞላ ነው። አራት ዓመት ሳዑዲ ሰው ቤት ሠርታለች፤ ፓስፖርቷ ላይ ስሟ ፋጡማ ነው፣ ያኔ ብዙዎቹ የክርስቲያን ልጆች ስም ቀይረው ነበር የሚሄዱት። በእሷ ልፋት ሣር ቤታችን ቆርቆሮ ለብሶ፣ ከጎኑም የብሎኬት ግድግዳ እስከ መስኮቱ ድረስ ወጥቶ ቆሞ ነበር። ከደሴ አውቶቡስ ስትወርድ እልል ተባለላት፤ ፈገግ አለች፣ ሁሉንም ሳመች፣ ከዚያ በኋላ ግን ቃል አልወጣትም። ከሁላችን ቀድማ ትነሣና የተጠረገውን ግቢ ትጠርጋለች። የታጠፈውን ልብስ ፈትታ ታጥፋለች። ማዕድ ሲቀርብ በሩ አጠገብ እጆቿን አጣምራ ትቆማለች፤ ተቀመጪ ስንላት ትስቃለች፣ ድርሻዋንም ሁላችን ከጨረስን በኋላ እዚያው ቆማ ትበላለች። ሰፈሩ «ቀልቧ አልመጣም» አለ፤ ሰውነቷ በአውሮፕላን መጥቶ ቀልቧ በእግሩ እየመጣ ነው እንደማለት። ጸበል ሰባት ቀን ተጠመቀች፣ ሼኹም ቀሩላት፤ መንገደኛው ግን የት እንደደረሰ አልታወቀም።

አባቴ ይመር ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግድግዳ የጀመረ ሰው ነበር። ግድግዳው መስኮት ድረስ ደርሶ መቆሙን አላፊ አግዳሚው ያያል፣ ደላላውም በየሳምንቱ ብቅ እያለ ከፋሲካ በኋላ ሌላ ቪዛ እንዳለ ይነግረዋል። «ሥራ ስትገባ ይለቃታል» ይል ነበር አባቴ፣ እሷን እያየ ሳይሆን መጥረጊያዋን እያየ። ፓስፖርቷ በእሱ ሳጥን ተቆልፏል። እሷም ይህን ሁሉ ትሰማለች፤ ስትሰማ ትጠርጋለች።

እናቴ በመጨረሻ በቁልቋሉ አጠገብ ቆመች። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ፣ ከክበቡ ሁሉ የቀረልኝን ድፍረት ይዤ።

«እማማ ሐዋ፣ ልጄን ያጥኑልኝ።»

«ፈርሜያለሁ እኮ።»

«በጓሮ በኩል፣ ማንም ሳያይ፣ በአላህ ይሁንብዎ።»

«ተደብቆ የሚያጥን የሰረቀ ሰው ነው፤ እኔ የሰው አልሰረቅሁም።» ቀና ብለው እኔን ፈለጉኝ። «ካጠንኩ በገበያ ቀን ነው፣ በእኩለ ቀን፣ በሬን ከፍቼ። ግዛዋውን ያቺ ባለ ማይክሮፎኗ ትቆፍረው። ፍሙንም እሷ ታራግብ። እንቢ ካለች ሂዱና ክበቡ ያጥናችሁ።»

ግዛዋውን ከከተማው በታች ካለው ገደል አፋፍ በአባቴ ዶማ ቆፈርኩት። እስከ ዛሬ ከቆፈርኩት ሁሉ፣ መጻሕፍት ጭምር፣ እንደዚያ የደከምኩለት ነገር የለም።

በገበያው ቀን የእማማ ሐዋ በር ወለል ብሎ ተከፈተ። መንገዱ ገብስና ጤፍ በጫኑ አህዮች ተጨናንቋል፤ ባለ አህዮቹ ገበያውን ትተው ቆሙ። ጎረቤት እየገባ አንዷ ዳማከሴዋን፣ አንዷ ጤና አዳሟን ታስቀምጣለች። እናትና አባቴ ጀርባቸውን ለቤቱ ሰጥተው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ገና ፍሙን ማራገብ ስጀምር የቀበሌው ሚሊሻ ጠመንጃውን አንግቶ ሕዝቡን እየገፋ ደረሰ።

«እማማ ሐዋ፣ አንቱ ፈርመው አልነበር?»

«ፈርሜያለሁ። አንተስ ባዶ እጅህን ነው የመጣኸው?»

ሚሊሻው ቀኝ ግራውን አየ። የሚያውቀው ሰው ሁሉ ቅጠል ይዟል። እናቱም ይዘዋል። ወደ አጥሩ ተመልሶ አንድ የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀነጠሰ፣ እንደ መታወቂያ ወረቀት በሁለት እጁ አቅርቦም አስረከበ። እማማ ሐዋ አገላብጠው አዩትና «ደካማ ነው፣ ግን ይሁን፤ ጠመንጃህን ውጭ አስደግፍ» አሉት።

ብርቄ ተቀምጣ ቡሉኮው ሊደረብባት ሲል በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። «አንቺም ግቢ። በኋላ የምታነቢው ያየሽውን ይሁን።»

ቡሉኮው ሥር ጨለማ ነው፤ ግዛዋው ወዲያው ጉሮሮዬን ያዘኝ። ዓይኔን ስለጨፈንኩ እህቴን የማውቃት በትንፋሿ ብቻ ነበር። ከውጭ የእማማ ሐዋ ድምፅ፣ ለወንድ እንደሚናገር ሰው፣ «ምን ትፈልጋለህ?» አለ። ሳል ብቻ መለሰላቸው። «በምድረ ሰው ፊት እጠይቅሃለሁ፣ ምን ትፈልጋለህ?» አሁንም ሳል። በሦስተኛው ግን አንድ እጅ ጨለማው ውስጥ ጉልበቴን አጥብቆ ያዘ።

«አትላኩኝ።»

እጇ ጉልበቴ ላይ ይበልጥ ጠበቀ።

«አትላኩኝ። ቆሜ መብላት ሰለቸኝ። አትላኩኝ።»

ስለ ጋኔን ድምፅ ብዙ ተጽፏል፣ እኔም ብዙውን አንብቤያለሁ። ያ የጋኔን ድምፅ አልነበረም። ከመሄዷ በፊት ፀጉሬን ስትጎነጉነኝ «አትንቀሳቀሺ» እያለች የምትቆጣኝ ድምፅ ነበር፣ አራት ዓመት ሙሉ የናፈቀኝ። አጠገቧ ሆኜ ማልቀሷን ሰማሁ። እኔም አለቀስኩ። ጭስ ስለነበረ ሁለታችንንም ማን ይጠይቀናል።

«ሰማችሁት ጋኔኑን?» አሉ እማማ ሐዋ።

«ሰማን» አለ ሕዝቡ። የሚሊሻው ድምፅም ውስጡ ነበረበት።

«ይመር፣ ምን ትመልስለታለህ?»

አባቴ ፊቱን አላዞረም። ለልጁ ቢሆን ኖሮ መልስ ነበረው፤ ደላላውም፣ ግድግዳውም፣ ገንዘቧን የሚጠብቀው ዘመድም መልስ ሆነው ተደርድረው ነበር። ለጋኔን ግን ማንም ሰው ግድግዳ አያሳይም። «ልጄ እንኳ እሺ ባይ ናት» አለ በመጨረሻ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ይሄ ነው እንቢ ያለው። ምን ላደርግ እችላለሁ? አልልካትም በሉት።» ጎረቤቱ በኀዘኔታ ራሱን ነቀነቀ፤ በእውነትም በጋኔን ተሸነፈ እንጂ በልጁ ተሸነፈ የሚል አንድም አልተገኘም። ለደላላው የነገረውም ይህንኑ ነው፤ ደላላው ከዚያ በኋላ በእኛ ደጅ ሲያልፍ ፈጠን ይል ነበር።

ከዚያ አባቴ ቤታችን ገብቶ ሳጥኑን ከፍቶ ተመለሰና ፓስፖርቱን ቡሉኮው ሥር በእህቴ እጅ አኖረው። ብርቄ ቡሉኮውን ከላይዋ ጥላ፣ ዓይኗ ፍም መስሎ፣ ፓስፖርቱን አየችውና ወደ ገሉ ዘረጋችው። እማማ ሐዋ የእጇን አንጓ ለቀም አደረጉ።

«ተይ። ይሄ ላስቲክ ነው። ጭሴን ያገማብኛል።»

መጀመሪያ የሳቀው ሚሊሻው ነው፣ ከዚያ ሰዉ፣ ከዚያ እህቴ። ያን ቀን ምሳዋን ተቀምጣ በላች።

ሰኞ መምህራችን ከተፈረመ በኋላ ስለተደረገው ነገር ሪፖርት ጠየቁኝ፤ ነገሩ ደርሷቸዋል። «ጭስ ነበር፣ አልታየኝም» አልኳቸው። ሚኒ ሚዲያው ለሌላ ልጅ ተሰጠ፤ እኔም ያለ ማጉያ መናገርን ከዚያ ጀምሬ እየተማርኩ ነው።

አሁን እማማ ሐዋ የሉም። ቤታቸው የነበረበት ቦታ ላይ የፎቶ ኮፒ ቤት አለ፣ ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለ ነገር የለም፣ ረጅም ሰው ቀጥ ብሎ ይገባል። ቁልቋሉ በብሎኬት ተተክቷል። ደላላው ግን አለ፤ እሱ ስልክ ሆኗል። የሚነሣብኝን ክርክር አውቀዋለሁ፤ ጭስ ሳንባ ይጎዳል ትሉኛላችሁ፣ እውነት ነው። ጋኔን የለም ትሉኛላችሁ፣ እሱንማ ከእናንተ በፊት ተናግሬያለሁ። ግን ቡሉኮውን ገፍፋችሁ ስትወስዱ ለልጅቷ በምትኩ ምን ሰጣችኋት? አንዲት ልጅ ዛሬ እንቢ ብትል የምትለው በገዛ ስሟ ነው፤ በገዛ ስሟ ካለች ደግሞ ውለታ ቢስ ናት፣ ለዓመታትም ይጠየቅባታል። ሽታውን ባለ አበባ ካርቶን ውስጥ ከትተው መልሰው ሸጡልን፤ ቅጠል ይዞ የሚመጣው ጎረቤትና ጀርባውን የሚያዞረው አባት ግን ካርቶኑ ውስጥ የሉም። ፈልጌያቸው ነበር።

እህቴ አሁንም መካነ ሰላም ናት፤ ፓስፖርቷ ውስጥ የልጇን የትምህርት ቤት ፎቶዎች እንዳይጣጠፉባት አስቀምጣበታለች። የጭሱን ሕግ ጥሼ ይህን ልጽፍ ነው ብዬ በስልክ አስፈቀድኳት። «እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ» አለችኝ፣ «ጋኔኑን አስፈቅጂው።»

ስለዚህ በጋኔን እመኑ አልላችሁም፤ ግዛዋም አታጭሱ። ግን ቤታችሁ ውስጥ የልጃችሁ ፓስፖርት በእናንተ ሳጥን ተቆልፎ ከሆነ፣ ይህን ማንበብ እዚህ ላይ አቁሙና ተነሡ፤ አውጥታችሁ በእጇ ስጧት።