ያቃና ይቀመጣል

የጋራዡ አለቃ ያላልኩትን ቃል የጋራዡ ደብተር ላይ ጽፎ በአውራ ጣቴ አስፈረመኝ። «አክስሉ ቀጥ ብሏል፤ ለክቼዋለሁ» ይላል ጽሑፉ። እኔ ያኔ ፊደል የማላውቅ የአርባ ስድስት ዓመት ሰው ነበርኩ። «መኪናዋ የገባችበትን ቀን ነው የጻፍኩት፤ ጣትህን አሳርፍ» አለኝ፤ አሳረፍኩ።

ጋራዡ መካኒሳ ነው። መኪናዋ የውድድር መኪና ናት፤ ልምምድ ላይ ከድንጋይ ጋር ተላትማ የኋላ አክስሏ፣ ሁለቱን ጎማ የሚያገናኘው ብረት፣ ጎብጧል። በክሪክ አንስቼ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መሃል ያለውን ርቀት በፊት በኩልም በኋላ በኩልም በሜትር ለካሁ። የአውራ ጣት ውፍረት ያህል ይበላለጣል። ብረቱ ወደ ውጭ የጎበጠበትን ጎን በጋዝ አግዬ በእርጥብ ጨርቅ ሳቀዘቅዘው ይሰበሰባል፤ ሲሰበሰብ ይጎትተዋል። ሁለቴ አደረግሁት። ግማሹ ተመለሰ፤ ግማሹ ቀረ።

«ገና ይቀረዋል» አልኩት አለቃውን።

«አንተ ደግሞ፣ ታቦት ነው እንዴ የምትቀርጸው? እሁድ ውድድር አለ። ጎማውን ግጠም!» ገጥሜ ስጨርስ ነው ደብተሩ ላይ ያስፈረመኝ።

በእኛ ጋራዥ ደንብ አለ፤ አክስል ያቃና ሰው መኪናዋ ለሙከራ ስትወጣ ከሾፌሩ ጎን ይቀመጣል። ሾፌሩ፣ የመኪናዋ ባለቤት፣ ቀልድ የሚወድ ጎረምሳ ነው። በሩን ከፈተልኝ።

«ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ። ምነው ገረጡ? ንስሐ አልገቡም እንዴ?»

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። አለቃው ቆሞ ያየኛል። እንጀራዬ ታየኝና ዝም ብዬ ገባሁ።

በለቡ በኩል ገና ለመኪና ያልተከፈተ አስፋልት ነበር። እዚያ ስንደርስ ልጁ ነዳጁን ረገጠው። መጀመሪያ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። ቀጥሎ ከሥሬ ያለው ሁሉ ወደ ግራ ሄደ፤ ልጁ መሪውን ወደ ቀኝ ይዞ ይታገላል። ከፊታችን አሸዋ የጫነ ገልባጭ ቆሟል። ጮህኩ።

«አቁም! አልተቃናም! አቁም!»

ገልባጩ ጋ አንድ ክንድ ሲቀረን ቆመ።

ወርደን ጎማውን አየነው፤ ተበልቶ ክሩ ወጥቷል።

«እያወቅህ ነው የተቀመጥከው?» አለኝ። ጋሼም እርስዎም ቀረ። ጋራዥ ስንመለስ አለቃው ደብተሩን ገለጠለት። «ይኸው ጣቱ!» ሾፌሩ ጮክ ብሎ ሲያነበው ነው የተጻፈውን የሰማሁት።

ከዚያ በኋላ ከመካኒሳ እስከ ላፍቶ የሚያስጠጋኝ ጋራዥ ጠፋ። ስሜ «ሰው ሊገድል የነበረው» ሆነ። የተቃጠለ ጎማ ሲሸተኝ ዛሬም መንገድ እቀይራለሁ።

ሀሁ የጀመርኩት ለዚያች ገጽ ነው፤ ለእውቀት ብዬ አይደለም። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ሽማግሌዎች ይዤ፣ ሾፌሩንም አስጠርቼ ወደ አለቃው ጋራዥ ሄድኩ። ደብተሩን አስወጥቼ ያችን ገጽ ፊደል በፊደል አነበብኩላቸው። «ይህን አላልኩም። ገና ይቀረዋል ነው ያልኩት። ዝም ብዬ መቀመጤ ግን የራሴ ጥፋት ነው» አልኩ።

አለቃው ካደ፣ ካደ፣ በመጨረሻ «ቸኩዬ ነው» አለ። ሽማግሌዎቹ እስክሪብቶ ሰጡት። ከጣቴ አሻራ ሥር «ቃሉ የእኔ ነው» ብሎ ጻፈ። ቀኑን እኔ ራሴ ጻፍኩት፤ ኅዳር አምስት።